እሜቴ ሆዷ ሲከፈት

ደህና ናት! አባባ፣ እሜቴ ደህና ናት! ሞተሯ አልሞተም፣ አልታመመም፤ እንዲያውም ያየነውን ቢያዩ ኖሮ... ቆይ፣ ቆይ። አሁን የወንድሜ ሚስት ይህን እያነበበችልዎ «ይቺ ሴትዮ የመኪና ጤና ከአባቷ ጤና አስቀደመች እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። ደስታው አፌን ቀደመው።

እንግዲህ ወደ ወጉ ልመለስ። ውድ አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ከሁሉ ከሁሉ ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ? ሞራው ተገፎ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት የወንድሜን ሽበት ነው አሉ፤ «ይህ ሽማግሌ ማን ነው?» ብለው መጠየቅዎን ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የልጆቼን አባት ወገቡን ያዝ ያደርገዋል እንጂ አፉ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። በስልክ ያልነገርኩዎ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ነው፤ ይህ ወሬ ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም።

ለሕክምና ሲሄዱ ደጃፍ ላይ ቆመው ያሉትን አልረሳሁም። «የምመለሰው እሜቴ መጥታ ከወሰደችኝ ነው። እሷ ከሞተች አትጥሩኝ፤ ሬሳዋን ለማየት አልመጣም» አሉ። ሰዉ ሁሉ እንደ ቀልድ ሳቀ። እኔ ግን አውቅዎታለሁ፤ ቁልፉን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጡ ጣትዎ ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእርስዎ መመለስ በዚያች አሮጊት መኪናና በእኔ ላይ ወደቀ።

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ጠዋት ሳላስነሣት ኮፈኑን እከፍታለሁ፤ የዘይት መለኪያዋን ስቤ እጠርግና መልሼ ከትቼ አያለሁ። የራዲያተሯን ውሃ ሳትሞቅ አያለሁ። የጎማዋን ንፋስ በመለኪያ እንጂ በእጄ አልገምትም፤ «እጅ ይዋሻል» ብለውኛላ። ስትቆም ከሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ «መኪና ስትታመም አትጮኽም፣ ታንጠባጥባለች» ብለዋልና ሲነጋ ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን እመረምራለሁ። ዘይቷንም ጨርሶ እስኪጠቁር አልጠብቅም፤ ጊዜው ሲደርስ ከነማጣሪያው ከነፊልትሮው አስቀይራለሁ። የልጆቼ አባት መስኮት ላይ ሆኖ «የኔ ጉልበት ሲንቋቋ አንድ ጠብታ ቅባት ያላሰበችልኝ ሴት!» እያለ ይቀልዳል። «አንተም እንደ እሷ በመጀመሪያው ቁልፍ ከተነሣህ ትቀባለህ» እለዋለሁ።

ብቻ ያ ሁሉ ድካም የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ንጹሕ ዘይት ይገባል፣ ጥቁር ዘይት ይወጣል፤ ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለውን ማን አይቶት?

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር ከሆዷ «ጓ!» የሚል ድምፅ ይወጣ ጀመር። ቆሜ አየሁ፤ ዘይት አለ፣ ውሃ አለ። ተነሣሁ፤ ጓ! መኪና ሳይሆን እርስዎ ደጃፉ ላይ ቆመው «አትጥሩኝ» የሚሉ መሰለኝ። ወሬው እዚያ እንዳይደርስ የቤቱን ሰው ሁሉ አስማልሁ። ወንድሜማ ከሰማ «አላልኩም? ቆርቆሮ ነች፣ ሽጣችሁ ተገላገሉ» ማለቱ ነው። ይኸው አሁን ጆሮውን ከፍቶ ይስማ!

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ሰፈራችን ጋራዥ የከፈተ መካኒክ አለ። ረጋ ያለ ስለሆነ ሰው አይቸኩሌ ይለዋል። አስነሥቶ ጆሮውን ጣል አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ክፉ መናገር አልወድም፤ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ካንኳኳች የሞተር ነገር ነው። ከፍተን እንያት። ብቻ ልብዎን ያጽኑ» አለኝ። ሞተሩ ከሆነስ ብዬ ብጠይቀው «ለእሷ የሚሆን ዕቃ ዛሬ ከየት ይመጣል? ማልቀስ ነው» አለ።

የክዳኑ ብሎኖች አልነቃነቅ አሉት። «ይህ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም እንዴ?» አለ። «አዎ፣ አባቴ ‹ካልነካካኋት አትነካካኝም› ይሉ ነበር» አልሁት። መጨረሻ ላይ ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። «ሞተች?» አልሁት። ዓይኔን ብገልጥ ንጹሕ ጨርቅ ፈልጎ እጁን እየጠረገ ነው፤ ሳይጠርግ ሊነካት አፈረ።

አባባ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ! የጠበቅሁት የምድጃ ሆድ ነበር፤ ጥቀርሻና ዝቃጭ። ያየሁት ማር ነው። ብረቱ ሁሉ ወርቅማ፣ ስስ ዘይት የለበሰ፣ በጣሪያው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ስታርፍበት ከውስጡ የሚበራ። ሞላዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አንዱ ካንዱ ሳይዛነፍ፣ አንድ ቅንጣት ቆሻሻ ሳይኖር። እናታችንን ሐኪም ቤት ስናመላልስ፣ እኔ ልጆቼን ታቅፌ ወደ ቤት ስገባ፣ ከወንድሜ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ስንቧቀስ፣ ለካ ይህ ሁሉ ፊታችን ሆኖ ዝም ብሎ ይሠራልን ነበር! ቆሜ ቀረሁ።

አይቸኩሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ፤ «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» እያለ መንገድ ላይ ወጣ። ጎሚስታው ጎማ እንደያዘ መጣ፤ ቀለም ቀቢው ከነጭንብሉ መጣ። ጎሚስታው «አዲስ ሞተር ገጠምህላት እንዴ?» ሲለው አይቸኩሌ ኮፍያውን አወለቀና «ይህን ሞተር ሰው አልነዳውም፤ አሳድጎታል። ማን ነው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አባቴ ናቸው» አልሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እርስዎ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። ያን ሁሉ ዘመን ጎንበስ ብለው የጠረጉት፣ ያጠጡት፣ የጠበቁት በዓይንዎ ያላዩትን ነገር ነው።

ድምፁስ? ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ በዕድሜ ደርቆ ተሰንጥቆ፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ እየተንገጫገጨ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። «በሽተኛዋስ ደህና ናት፤ አልጋዋ ነው የተሰበረው!» አለ አይቸኩሌ። ጎማው ተቀየረ፣ ክዳኑም ተመልሶ ተገጠመ። አስነሣትና አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ብርጭቆ ውሃ ክዳኑ ላይ አስቀመጠ። ውሃው ርግብግብ አለ እንጂ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። ጎሚስታው ብርጭቆውን አንሥቶ «ለአባትየው ጤና!» ብሎ ጠጣው።

እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያው እሑድ በፊት ባለው ዓርብ እሜቴን እየነዳሁ እደርሳለሁ፤ ሻንጣዎን ያዘጋጁ። አይቸኩሌም ክዳኑን በእርስዎ ፊት እንደገና ሊከፍተው ምሏል፤ ያ ሞራው የተገፈፈ ዓይንዎ ያሳደጉትን ይየው።

ወንድሜን ሳሙልኝ፤ «ቆርቆሮዋ» ሰላም ብላዋለች በሉት። የወንድሜን ሚስት እስከዚህ ድረስ ጉሮሮዋን ስላደረቅሁባት ይቅር ትበለኝ፤ ጉንጮቿን ሳምኳት። መንትዮቹን፣ ትልቋን ልጅ፣ እዚያ ያለችውን አክስታችንን በእያንዳንዳቸው ስም ሰላም በሉልኝ። ሁላችሁም አብራችሁ ትመጣላችሁና ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ድሮው ተጠጋግተን እንሞላለን፤ መቧቀስ ግን ክልክል ነው።

ከቤትዎ፣ መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ልጅዎ ጻፍሁት።

ማንም እንዳይቀር! ደግሞ ቀኑን እንዳትረሱ፤ ክዳኑ የሚከፈተው በሚያዝያ የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት፣ እኛ ግቢ ውስጥ ነው።