መርፌዋን እንዳትዘሏት፦ የአቶ መልሰው አጥናፉ የሕይወት ታሪክ

አቶ መልሰው አጥናፉ ከአባታቸው ከአቶ አጥናፉ ደጅይጥኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ምሳው በ1935 ዓ.ም. ጽጽቃ አጠገብ ተወለዱ። እናታቸው የሚካኤል ዕለት ነው ቢሉም፣ እሳቸው "ማን ጻፈው?" እያሉ ሳያምኑ ኖሩ። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመዋል፤ ከዚያም አርሰው የሚያድሩ ገበሬ ሆኑ። በ1965 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰገነት ደግሰው ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ደርቤ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ወንድሜ ልብ የሚያደርቁ ተጠራጣሪ ነበሩ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ከአፋቸው አይጠፋም። ከሜዳ ግን አላመጡትም። በ1977ቱ ድርቅ እህል ይሰፈራል ተብለው ሄደው፣ በመኪና ተጭነው ለሰፈራ ተወሰዱ። ቤታቸውን መልሰው የረገጡት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሲመረጡም ምስክርን አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቁት ነበር። እውነተኛ ሰው በሦስተኛው ይቆጣል፣ ዋሾ ግን ይታገሣል ይሉ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የተወለደችው የመጨረሻ ልጃቸው ፅዮን በስምንት ዓመቷ ሆዷ ይነፋ፣ የበላችው አልወርድ ይላት ጀመር። ጠበል ተጠመቀች፤ የትል መድኃኒት ዋጠች፤ አልሆነም። ሐኪሞች ሆዷን ከፍተን እንይ ሲሉ ወንድሜ "የቱ ጋ እንደምትቀድዱ ሳታውቁ?" ብለው እምቢ አሉ። አገር ሁሉ ልጃቸውን ሊገድሏት ነው ብሎ አማቸው። እኔም አምቻቸዋለሁ።

በ1998 ዓ.ም. የልጆች አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በማግኔት መሣሪያ ሥዕል እያነሳ የሚያጠና አንድ ሐኪም አዲስ አበባ አምጧት አለንና ሦስታችን ሄድን። ወንድሜ የፈቃድ ወረቀቱን ሁለቴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንኛ አስነበቡ። አንጀቷን አይታችሁ ምን ልታደርጉበት ነው? ሥዕሉስ ማን እጅ ይቀራል? ሲሉት ሐኪሙን አላበው።

የመሣሪያው ባለሙያ ወይዘሪት ደብሬ፣ ማግኔቱ ብረት በኃይል ይጎትታልና ልጅቱ ላይ ብረት አለ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው። ሦስቴም በትዕግሥት "የለም" አሉ። በአገራችን ልጅ ከክፉ መንፈስ እንዲጠበቅ ብረት ይደረግለታል፤ እሳቸውም ስባሪ መርፌ በጨርቅ ጠቅልለው በማዕተቧ ላይ ሰፍተውባት ነበር። የሕክምናው ሰዎች ማዕተቡ ክር ብቻ መስሏቸው ተዉላት። እኔ ግን ሲሰፉ አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ወንድሜ አሁንም አላበቁም። ይጎትታል ያላችሁትን እስኪ አሳዩኝ አሉ። ደብሬ በክር የታሰረች የወረቀት መያዣ ሽቦ በሩ ላይ አስያዘቻቸው። ክሩ ወደ ታች መንጠልጠሉን ትቶ በአየር ላይ ወደ መሣሪያው ተወጠረ። ያን ጊዜ ፅዮን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ በሩ እየተገፋች ነበር።

"ቁሙ! ዋሽቻለሁ!" ብለው ጮኹ።

ማዕተብ መበጠስ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሳቸው የልጃቸውን ማዕተብ በጥርሳቸው በጠሱ። ወንድሜ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደብሬ ምንም ሳትቆጣ ሌላ ክር ፈልጋ አሰረችላት።

ፅዮን ጭማቂ ጠጥታ፣ ትንፋሿን ያዝ ለቀቅ እያደረገች ሥዕሉን ተነሳች። ከውጭ ባለው ቴሌቪዥን አንጀቷ እንደ ትል ሲሳብ አየን፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ዝም ብሏል። ከሐኪሙ ቀድመው "ይቺ ለምን ቆመች?" ያሉት ወንድሜ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው እዚያችው ቦታ ላይ ተደረገ፤ ልጅቱም ዳነች።

አቶ መልሰው በ2000 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አደረባቸው። በአልጋ ላይ ሳሉ ይህን ታሪክ አስጽፈው አስነበቡኝ። ለክብራቸው ብዬ መርፌዋን ዘልያት ነበር፤ ጠርጥረው ኖሯል፣ ያዙኝ። "ውሸቴን ካላነበባችሁ ሌላውን ማን ያምናችኋል? እንዳትዘሏት" አሉኝ። ግንቦት 12 ቀን 2001 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰገነት፣ ልጆቻቸው ወንዳወቅ፣ እታገኝና ፅዮን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ቀርተዋቸዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት ይህን አሁን የምታነብላችሁ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ፅዮን ናት።

አምላካችን ሆይ፣ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ አኑርልን። ሦስት ጊዜ ቢጠይቁህም አትቀየማቸው።