ስንት ክዳን ብለሽ ለጠየቅሽኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው ልብስ ስትተኩሺ የሚያብጠው እግርሽስ ሻል አለው? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ እንዴት ናት? እኛ እንደምታውቂው ነን፤ አባትሽም፣ የእኅትሽ ሕፃንም፣ እኔም። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ እጄ ከመወልወያ እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር አይስማማም።

ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ጓደኛሽ ለሴት ገላ ጥሩ ነው ብላ ፀረ ጀርም ፈሳሽ እንደሰጠችሽ ጽፈሽ፣ ከታች ስትታጠቢ ስንት ክዳን ጨምረሽ እንደምትበጠብጪው ጠየቅሽኝ። እናቴ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ታውቃለች ብለሽ ነው። የወለሉን አውቃለሁ። የሰውን አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ማለት ግን አልሆነልኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኅትሽ በወሊድ ሞተች ብለን ነበር የጻፍንልሽ። አባትሽ ሲጽፍ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

በወለደች በአምስተኛው ቀን ከሚፈሳት ደም መጥፎ ሽታ መጣ፤ ብርድ ብርድም አላት። አፍራ ባሏን እንኳ አላስገባ አለች። ያን ቀን ያቺ መንገድ ዳር ያለችው ፀጉር ሠሪ ልትጠይቃት መጥታ ነበር። ታውቂያታለሽ፤ የሰው ጆሮ ሳታቃጥል አንድ ራስ ተኩሳ የማታውቅ፣ ስለ ማህፀን ሲወራ ግን አዋላጅ፣ ስለ ጥርስ ሲወራ የጥርስ ሐኪም የምትሆን። ምላሷን ያህል እጇ ቢሠራላት ኖሮ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ፀጉሩን ባልሸፈነ ነበር። አፍንጫዋን ይዛ፣ «ይኼማ ቀላል ነው፤ ውስጡን በፀረ ጀርም መታጠብ ነው። ካላቃጠለ አልሠራም ማለት ነው፤ ቻል አድርጊው የኔ እመቤት» አለቻት።

እኔስ ከእሷ በምን እሻላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጤና ጣቢያ ስወለውል፣ በነርሶቹ አጠገብ በማለፍ ብቻ ነርስ የሆንኩ መስሎኝ ኖሯል። ሰፈሩ «የጤና ጣቢያዋ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጤና ጣቢያው ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሱን ትቼ፣ ከሥራ ቦታ በውሃ ጠርሙስ ቀድቼ ያመጣሁትን ምንም ያልተጻፈበትን ፈሳሽ በሳፋ በጠበጥኩላት። ለወለል ከምጨምረው አብልጬ፤ ለልጄ ልሰስት? አቃጠላት፤ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። እኔ ጎሽ አልኳት።

ሽታው ጠፋ፤ ደስ አለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ሰው ስንመክር ኖረን፣ የልጃችንን በገዛ እጃችን ደበቅነው። ትኩሳቱ ግን አልሄደም። በታጠበች በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት ሲያቅታት፣ እኔው በወለወልኩት ወለል ላይ ተሸክመን አስገባናት። የሠራሁትን ስነግራት አዋላጅዋ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። «እማማ፣ ሽታው እኮ ወደ ሐኪም አምጧት ይላችሁ ነበር» አለችኝ። ማህፀኗ ውስጥ የነበረው ጀርም ደሟ ውስጥ ገብቷል ብለው ወደ ሆስፒታል ላኳት። በወለደች በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ፀጉር ሠሪዋ ልቅሶ መጥታ፣ «አብዝታችሁት ይሆናል እንጂ እሱስ ፍቱን ነው» አለችኝ። ዛሬም መስተዋቷ ሥር አበባ የተሣለባቸውን ጠርሙሶች ደርድራ ትሸጣለች። ማበጠሪያዋ ላይ የሦስት ሰው ፀጉር እያለ ስለ ንጽሕና ትሰብካለች። ገዢም አላጣችም፤ ሞኝ መቼ ጠፍቶ፣ እኔ አለሁ አይደል።

አሁን ስንት ክዳን ላልሽው፤ ምንም። አዋላጅዋን በኋላ እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፤ ውሃም ቢሆን ወደ ውስጥ አይገባም። ፀረ ጀርሙ የሚጠብቁሽን ደጎቹን ጀርሞች ገድሎ ለክፉዎቹ በር ይከፍታል፣ ስሱን ገላም ይልጠዋል። ከውጭ ንጹሕ ውሃ ይበቃሻል፤ ሳሙና ካሻሽም ሽቶ የሌለበት ለስላሳ ይሁን። ሐኪም ለቁስል ወይም ለስፌት ካዘዘልሽ፣ ለገላ የተሠራውን ብቻ፣ እሱ በነገረሽ ልክ በጥብጠሽ፣ ለነገረሽ ቀን ያህል፣ ከውጭ ብቻ። ካቃጠለሽ ጎዳሽ ማለት ነው፤ በብዙ ውሃ ታጥበሽ ተዪው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ምንም ያልተሰማው ሰው ስንት ክዳን ብሎ ባሕር ተሻግሮ አይጠይቅም። ሽታ ነው? ማሳከክ ነው? ፈሳሽ ነው? ሆድሽን ያምሻል? ትኩሳትስ? አንዱ እንኳ ካለ፣ የአሠሪሽን ፊት ሳታዪ ዛሬውኑ ሄደሽ ተመርመሪ። ጠርሙሱንም ለጓደኛሽ እንዳትመልሺላት፤ እሷም የሰው ልጅ ናት።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ እስከዚህ የጻፍኩትን ሳነብለት «ላኪው» ብሎኝ ወደ ውጭ ወጣ። የእኅትሽ ባል ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃኗን ሊያይ ይመጣል፤ እሱም እንደምን አለሽ ይላል። ለእሱ ገና አልነገርኩትም። ሕፃኗ ሁለት ጥርስ አወጣች፤ ትነክሰኛለች። ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ፣ ይህንንም አስነብቢያት።

ስትመልሺልኝ ደኅና ነኝ ብለሽ እንዳትጽፊ። እኅትሽም እስከ መጨረሻው ደኅና ነኝ ነበር ያለችኝ። ሐኪሙ ያለሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

እናትሽ
ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከቤታችን
ኅዳር ፲፯ ቀን