ጥርት ብሎ የወጣው መጋረጃ

ናትሱኤ፣

ካሜራሽን ከእርጥበት መከላከያው ሳጥን ሳላስፈቅድሽ አውጥቼዋለሁ። ዝናቡ ሳያልፍ ከወጣ ይሻግታል እያልሽ መመሪያውን ብቻ ስታነቢ ሁለት ወር ሞላሽ። እማዬ ደግሞ «ለቀብሬ የሚቆመውን ፎቶ መልኬ ሳይጠፋ አንሱኝ» ካለች ቆየች።

ትናንት ጥቁር ኪሞኖዋን አልብሼ የሆስፒታሉ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። ነርሷ ከጎን ደገፈቻት። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሞቼ ልታነሺኝ ነው?» እያለች ስትስቅ አርባ ጊዜ አነሳኋት።

በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሁሉም አምሮ ነበር። ቤት መጥቼ በኮምፒውተር ሳሳድገው የመጋረጃው ክር ሳይቀር ይቆጠራል፣ የእሷ ፊት ግን ጉም ነው። ለካ የሚያጠራበትን ቦታ ካሜራው ራሱ ይመርጥ ኖሯል። «ነጥቡን አንተ ምረጥ፣ ዓይን ላይ አሳርፈው» ይላል መመሪያው። በእርሳስ አስምረሽበታል። እኔ ያየሁት ካነሳኋት በኋላ ነው።

ልጠራሽ ይገባኝ ነበር። ግን ስንቴ ልጥራሽ?

አሁን ነርሷ ደውላ ነበር። ብሶባታል፣ ከእንግዲህ ቀና ብላ አትቀመጥም።

እየሄድኩ ነው። ሩዝ ማብሰያው ውስጥ አለልሽ። ስትመጪ ንጹሕ ፎጣ ያዢ፣ ካሜራውንም አትርሺ፣ እማዬ ካላየችው ትጠይቃለች። በስልክ «ፎቶው እንዴት ወጣ?» ስትለኝ «አምሮብሻል» ብያታለሁ። አሳዪኝ ካለችሽ «ባትሪ የለውም» በያት።

መዋሸት እንደማይሆንልሽ ስለማውቅ ባትሪውን አውጥቼ ይዤዋለሁ።

ቶሚኮ