ከሮቢት ሞስኮ ስንት ሰዓት ነው

ረቡዕ
ነገርኳት። እማዬ እንዳልነግራት በማርያም አስምላኝ ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ግን ቴሌ ሄጄ አዲስ አበባ አጎታችን መሥሪያ ቤት ደወልኩና ታናሽ እህቴን ጽጌን አስጠራኋት። "እማዬን ወባ ጥሏታል፤ ሰው መለየት አቅቷታል" አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" ስል ልቅሶዋን ሰማሁ።

ጽጌ ቅዳሜ ማታ ለትምህርት ወደ ሞስኮ ትበራለች። አምስት ዓመት ልትቀመጥ።

አባባ ከእማዬ አልጋ ሥር ሳይነሱ "ለመሆኑ ከዚህ ሞስኮ ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። ከማስተምርበት ክፍል ካርታ አምጥቼ በማስመሪያ ለካሁ። በአየር አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። መንገድ ላይ ነዳጅ መቅዳቱ ተጨምሮ፣ ማታ የተነሳ ጠዋት ይደርሳል አልኳቸው።

"እኛ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምንመጣውን ያህል ነዋ!" ቀለል አላቸው። መመለሻ ቲኬት እንደሌላት አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ
ጽጌ መጣች። ሻንጣዋን አዲስ አበባ ትታ፣ በለበሰችው ልብስ ብቻ። እማዬ አላወቀቻትም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ መኮንን መርፌውን ወጉላትና "እስከ ነገ ካልለቀቃት..." ብለው ሳይጨርሱት ወጡ።

"እኔ የትም አልሄድም" አለች ጽጌ።

በዚህ ጊዜ መንግሥት የሰጠውን ዕድል ትቶ መቅረት! ለምን ቀረሽ ብለው ቢይዟትስ? ባልደውል ኖሮ?

ዓርብ
ጠዋት እማዬን አላባት፤ ዓይኗን ገለጠች። ጽጌን ስታይ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተቆጣች።

"አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አልሄድም እማዬ።"

"እንግዲያው እኔም አልውጥም።" ኪኒኑን ተፋችው። አባባ ለመኗት። እኔ አለቀስኩ። ከንፈሯን ገጥማ ግድግዳውን ታያለች። ጽጌ መጨረሻ ላይ ጫማዋን ሳበች፦ "እሺ፣ እሄዳለሁ፤ ዋጪልኝ።" እማዬ ጫማው እስኪታሰር አይታ ዋጠች።

መንገዱ ግን ለወታደር መኪና ተብሎ ተዘግቷል። ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድም የለም።

ቅዳሜ
መንገዱ ጠዋት ተከፈተ። አባባ ከጀውሃ ማሽላ ጭኖ የመጣ መኪና አስቆሙ። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል።

"ልጄን ለማታው አውሮፕላን አድርስልኝ።"

"ኢንሻአላህ አባቴ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ካልያዘን።"

ጽጌ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ዞረች። "እትዬ፣ ባትነግሪኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አልምርሽም ነበር።" ስሜያት እንኳ ሳልጠግብ መኪናው ተነሳ።

እማዬ ሾርባ ጠጣች። እኔ ምንም አልበላሁም። መሸ። አሁን አየር ላይ ናት ወይስ አንዱ ዳገት ላይ መኪና ተበላሽቶባት ቆማለች?

እሑድ
የአጎታችን መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። የምጠይቀው ሰው የለም። ማንም ስለ ጽጌ አያነሳም። እማዬ ሁለቴ "ቴሌ ነገ ስንት ሰዓት ይከፈታል?" አለች።

ሰኞ
ደርሳለች! አጎታችን በስልክ እየሳቁ ነገሩኝ፦ "ሻንጣዋን ይዤ አውሮፕላን ጣቢያ ስጠብቃት፣ በሩ ሊዘጋ ሲል መጣች። ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ ከነማሽላው ገለባ ገባች።"

እየሮጥኩ ተመልሼ ለእማዬ ነገርኳት። እስከ ዛሬ አንዲት እንባ ያልወጣት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። አባባ እጇን ያዙ።

"ድኛለሁ ብለሽ ጻፊላት" አለችኝ ኋላ።

ጻፍኩና ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ሞስኮ ለመድረስ ከወር በላይ ይፈጃል አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ጽጌ እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር አታውቅም።

ለአባባ ስነግራቸው ማመን አቃታቸው። "እሷ በአንድ ሌሊት የሄደችውን፣ ወረቀቱ በእግሩ ነው እንዴ የሚሄደው?"