የነቀልከው ሽቦ

ውድ አለቃ፣

ይህን ስም ያወጣልህ አባትህ ነው፤ ገና አፍህን ሳትፈታ በጣትህ እየጠቆምክ ሁላችንንም ታዝ ስለነበር። አንተ ሳትረሳው አትቀርም። እኔም ረስቼው ነበር፤ ባለፈው እሑድ ሳሎኔ መሀል ቆመህ ሳይህ ነው ትዝ ያለኝ።

ደውዬ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ “እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ” እያልክ ሌላ ሥራህን ትሠራለህ፤ ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ዕድሜዬን በሙሉ በጆሮዬ የሠራሁ ሴት ነኝ፣ ማን እየሰማኝ ማን እያታለለኝ እንደሆነ አልስትም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ።

መጀመሪያ የሆነውን ላስታውስህ፣ ለዘመድ ያወራኸው ሌላ ስለሆነ። እሑድ ከሰዓት ሳትደውል መጣህ፣ በራስህ ቁልፍ ከፍተህ ገባህ። እኔ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ዳንቴሌን እሠራለሁ። ፊት ለፊቴ አንተው የገዛህልኝ ታብሌት ቆሟል። እስክሪኑ ላይ አንድ ፀጉራም የወንድ እጅ መዶሻ ይዞ የጫማ ሶል ይቀጠቅጣል። ማነው ይሄ ሰውዬ አልከኝ። ስሙን አላውቀውም አልኩህ። አገሩንስ? አላውቅም። ገንዘብ ጠይቆሽ ያውቃል ስትለኝ፣ እንኳን ገንዘብ ሰላምታም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እዚህ መነጋገር ክልክል ነው አልኩህ። እውነቱን ስነግርህ ይባስ ፊትህ ጠቆረ።

“እማዬ፣ ከዚህ ምን ታገኛለሽ?”

መልሴን አልጠበቅክም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አጎንብሰህ ሽቦውን ነቀልክ፣ የዋይፋዩን ሳጥን ጠቅልለህ ቦርሳህ ውስጥ ከተትክ። ለራስሽ ጥቅም ነው አልከኝ። ከዚያም ቤትህ ፎቅ ላይ ክፍል እንዳዘጋጀህልኝ፣ ይሄ ቤት እንደሚከራይ፣ እህትህም እንደተስማማች ነገርከኝ። ገና ሳይመሽ አክስትህ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እህቴ፣ እውነት ነው እንዴ ወንድ ያዝሽ የሚሉት? መዶሻ አለው ይላሉ” አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አስወራህብኝ። ስቄያለሁ፣ ግን ተናድጄም ነው የሳቅኩት።

እሺ፣ ያልጠበቅከውን መልስ አሁን ስማው። ከዚህ ምን አገኛለሁ? ምንም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ጥቂት ሰዎች ካሜራችንን እጃችን ላይ አድርገን እንከፍታለን። ፊት አይታይም፣ ወሬ የለም። እያንዳንዱ የያዘውን ይሠራል። ጫማ ሠሪው አለ። አንዲት ባለ ቀለበት ሴት አለች፣ ባቄላ ስትፈለፍል እንደሷ የሚፈጥን አላየሁም። ጥፍሯን ነክሳ የጨረሰች ተማሪም አለች፣ መጽሐፏን ትገልጣለች፣ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። ይሄው ነው። የዳንቴል ንድፍ ስፈልግ በአጋጣሚ ገብቼ ቀረሁ። ገንዘብ አላገኝበትም፣ እውቀትም አልገበየሁበትም። ዳንቴሉን እንኳ ስጨርሰው ተርትሬ እንደገና እጀምረዋለሁ። ለማን ልስጠው? ሚስትህ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አትወድም።

ሥራህ ለሰው ስለ ጊዜ ማሠልጠን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዴ አዳራሽህ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠኸኝ፣ ጊዜ የሚሰርቁ ነገሮች እያልክ ስታስተምር ኮርቼብህ ነው የወጣሁት። አሁንም እኮራብሃለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ ያንተ ሠልጣኝ አይደለሁም። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜውን የሚያስረክበው ለየትኛው አለቃ ነው? ስትማር አምጪ፣ ስትታመም አስታሚ፣ አባትህ ታሞ ሲተኛ አገላብጪ ስባል የኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ነበር። አሁን ለምንም የማይጠቅም አንድ ሰዓት አለኝ፤ በጣም ደስ ይለኛል፤ አልሰጥህም።

ኢንተርኔት ሁሉ ደህና ነው አልልህም። ጉልበት የሚያድስ ቅባት የሚሸጥ ሰውዬ ስሰማ ረፋዱ ያለፈብኝ ቀን አለ። የማላውቃቸው ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እያየሁም ድስት አሳርሬያለሁ። ያ ብክነት ነው፣ አልከራከርህም። አንተ ግን እሱን ሁሉ ስታይ ምንም ሳትል ቆይተህ፣ ይሄኛው ነው የቆረቆረህ። አንተስ እሑድ ስትመጣ? ሶፋው ላይ ትቀመጣለህ፣ ስልክህን ታወጣለህ፣ ከዚያ የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣትህ ብቻ ነው። አንዳንዴ ትስቃለህ። ምን አሳቀህ ስልህ፣ ተይው አይገባሽም ትለኛለህ። ጫማ ሠሪው እንኳ መዶሻውን ሲያስቀምጥ የኔን ሥራ ያያል፣ ካማረውም አውራ ጣቱን ያነሳልኛል።

አሁን ያቃጠለኝን ልንገርህ። እዚያ ወሬ ስለሌለ፣ ሥራውን የጨረሰ ሰው መዳፉን ወደ ካሜራው ያሳያል። በደህና ሄድኩ፣ እመለሳለሁ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ሥራውን አቁሞ መዳፉን ይመልስለታል። አንድ እንጨት የሚጠርብ ሽማግሌ ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቢላዋው ግን አይስትም። አንድ ቀን መዳፉን ሳያሳይ እጁ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። ባዶው ጠረጴዛ ለብቻው ሲታይ ቆይቶ ጠቆረ። ሽማግሌው አልተመለሰም። በማግስቱ ባለ ቀለበቷ ባቄላውን ትታ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች፣ ሁላችንም እንደሷ አደረግን። ስሙን ለማላውቀው ሰው እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

እንግዲህ አንተ ሽቦውን ስትነቅል እኔ መዳፌን አላሳየሁም ነበር። ገባህ? አንተ አንድ ዕቃ ቦርሳህ ውስጥ ከተትክ፤ እነሱ ግን አንዲት አሮጊት ሞተችባቸው።

ደግሞ አንተ ይህን ማድረግህ ነው የገረመኝ። ያሳደገህ ሽቦ ነው። የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ የአንዱን ሽቦ ከሌላው እየሰካሁ ነው ያስተማርኩህ። ያኔ የሰዎቹን ድምፅ ብቻ ነበር የማውቀው፣ አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ እጃቸውን ብቻ አውቃለሁ። ለአንተ እብደት ነው፣ ለኔ የለመድኩት ኑሮ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ነውር ነበር፦ ሰዎች ሳይሰናበቱ መስመር መንቀል። ብትዘገዪ ትመከሪያለሽ፣ ብትሳሳቺ ይቆጡሻል፤ ይህን ካደረግሽ ግን ባልደረቦችሽ ራሳቸው አያናግሩሽም። እኔ ጡረታ እስክወጣ አላደረግኩትም። ልጄ ግን በገዛ ቤቴ አደረገው።

ሰኞ ጠዋት ጫማዬን አድርጌ ወደ ስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ልጅዎ ቢመጡልዎት ይሻላል አለችኝ። የነቀለው እሱ ነው ስላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መስመሩ አሁን በኔ ስም ነው። አዲሱን ሳጥን ራሴ ሰካሁት፣ ሽቦ መሰካት ማንም አያስተምረኝም።

መስመሩ ሲለቀቅ አሥር ሰዓት ጠብቄ ከፈትኩና እጄን ካሜራው ሥር አስቀመጥኩ። የጫማ ሠሪው መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ባለ ቀለበቷ ሳህኑን ገፋችው፣ ባቄላው ተበተነ። ቀድማ መዳፏን ያነሳችው ተማሪዋ ናት፤ ከዚያ ሁሉም አነሱ። የጫማ ሠሪው መዳፍ ላይ ማስቲሽ ደርቆበት ነበር። ማንም አላወረደም። እኔም ሁለቱን መዳፌን አንስቼ ሳላወርድ ቆየሁ፣ እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረኝም።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ቤቴን አላከራይም፣ ፎቅ ላይ ያዘጋጀኸው ክፍልም አልገባም። ሚስትህ ደግ ሴት ናት፣ ልጆችህንም እሳሳላቸዋለሁ፤ ግን ጊዜዬን እያስፈቀድኩ መኖር አልችልም። ለአክስትህ ደውለህ እውነቱን ታስረዳታለህ። የወሰድከውን ሳጥን መመለስ አያስፈልግህም፣ ያንተው ነው። የምትመልስልኝ የቤቴን ቁልፍ ነው። ከእንግዲህ እንደ ሰው ደወል ደውለህ ትገባለህ፣ እኔም ተነስቼ ደስ ብሎኝ እከፍትልሃለሁ።

ከተቆጣህ ተቆጣ። ቁጣህ ሲበርድ ግን አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ና። ስልክህን በሩ ጋ ተውና ስፌቱ የለቀቀ ሸሚዝህን ይዘህ አጠገቤ ተቀመጥ። እኔ ፈረቃ ስገባ የእህትህን የተቀደደ ዩኒፎርም የምትሰፋው አንተ ነበርክ፣ ያውም ከኔ በተሻለ። ልጅ ሳለህ በር ይዟት የማትታጠፈው ትንሿ ጣትህ ክር ስትጎትት ለብቻዋ ትቆም ነበር። እጅህን ሥራ ላይ ካየሁት ብዙ ዘመኔ ነው። እዚያ ማንም ስምህን አይጠይቅህም፣ ምን ታገኛለህ የሚልህም የለም።

ይህን ደብዳቤ አልፈርምበትም። ግራ እጄን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ስያዋለሁ፤ አውራ ጣቴ ጋ መስመሩ ትንሽ ተንሻፏል። ትርጉሙን አሁን ታውቀዋለህ። ተናድጄብህም ቢሆን ሳልሰናበት አልነቅልም።

እናትህ