አራተኛዋ ካንዴላ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የወሊድ ፈቃድ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሎኛል። መጋረጃ አጠብኩ። ሲደርቅ አልወደድኩትም፣ መልሼ አጠብኩት። የምሠራበት መነጽር ቤት ውስጥ ቆሜ ስውል እግሬ አበጠ ብዬ ነበር የማማርረው... ይኸው ቁጭ ብዬም አበጠ።

አማቴ ሊረዱኝ ከመጡ ሳምንት ሆናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የስፌት መኪናቸውን ሳይቀር ተሸክመው ነው የመጡት። "ተቀመጪ" ይላሉ። እቀመጣለሁ። "ጋደም በይ" ይላሉ። እጋደማለሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለንም።

ባሌ ከነጭነት መኪናው ድንበር ላይ ቆሟል። ወረቀት አላለቀም ተብሏል። "ሳትወልጂ እደርሳለሁ" ይለኛል በስልክ። ሆዴን አማክሮ ነው?

ማምሻውን የቤታችንን መኪና አስነሳኋት። ተንቀጠቀጠች፣ አስነጠሳት፣ ጠፋች። ደግሜ ሞከርኩ። ያው። በዚህ አያያዟ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን ዳገት ትወጣለች? እንኳን ዳገቱን፣ ከግቢ አትወጣም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ ድምፁን አሰማሁት።

"ካንዴላ ነው እህቴ። እሳት እየሰጠ አይደለም።"

"መጥተህ ቀይርልኛ።"

"በዚህ ሳምንትማ አትጠብቂኝ። ጋራዡ ሙሉ ነው።"

አዲሶቹን ካንዴላዎች ባሌ ገዝቶ አስቀምጧቸዋል። መፍቻውም አለ። እሱ ሲቀይር ደግሞ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ዓይን የማይዛት የመነጽር ብሎን ስፈታ የምውል ሰው... ይህቺን እፈራለሁ?

ኮፈኑን ከፍቼ ሳጎነብስ አማቴ ከበሩ ብቅ አሉ።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

"ካንዴላ ልቀይር።"

"በዚህ ሆድሽ?"

"በእጄ ነው እንጂ እማማ፣ በሆዴ አይደለም።"

አልሳቁም። ወዲያው ቆጨኝ። ምን አፌን አስከፈተኝ?

ሦስቱ በየተራ ወጡ፣ ጥላሸት ለብሰው። አራተኛዋ፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ እምቢ አለች። ባለ በሌለ ኃይሌ ተንጠለጠልኩባት። ፍንክች የለም። እጄ ብቻ ተላጠ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ፍንክች የለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ባሌ "ተዪው፣ ታክሲ አለ አይደል?" አለኝ። ታክሲማ ያኔም ነበረ። ያኔ፣ በመጀመሪያው እርግዝናዬ፣ ታክሲው እስኪመጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው ሁሉም ነገር ያለቀው። ሐኪሙ "ቀድመሽ ብትደርሺም ልናተርፈው አንችልም ነበር" ብሎኛል። ጆሮዬ ሰምቷል። እግሬ ግን አልሰማም። እግሬ እስከ ዛሬ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

አማቴ ያኔ ሊጠይቁኝ መጥተው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። የተቀደደ ቀሚሴን ጠግነውልኝ ተመልሰው ሄዱ። እኔ ላይ ፈርደዋል ብዬ ነው የያዝኩት። ይኸው ስንት ዘመን...

ዛሬ ተናድጄ የመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሰካሁበት፣ ጉልበት እንዲጨምርልኝ። ልጫነው ስል አማቴ እየሮጡ መጥተው እጄን ያዙኝ።

"ሰብረሽው ልታርፊ ነው? ጠይቂ እንጂ ሰው!"

ደውዬ ጠየቅኩ። መካኒኩ ደነገጠ። "ቱቦውን ጣይው! ውስጥ ከተሰበረች እኮ የሞተሩ ክዳን ሁሉ ሊወርድ ነው። አትታገያት። ዙሪያዋን አጽጂና ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት አጠጪያት። ሌሎቹን መልሰሽ ሞተሩን ለብ አድርጊው፣ አጥፊው፣ ከዚያ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። ጊዜ ስጫት።"

ጊዜ! ጊዜ የተረፈው ሰው የደወለለት መሰለው?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ወጣች!

ግን ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ጠዋት በብስክሌት መንፊያ ዙሪያዋን አቧራውን አራገፍኩ፣ ዘይቱን አጠጣኋት። መጠበቅ ነው እንግዲህ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችል... ተነሳሁ፣ አየኋት፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። አማቴ በርጩማቸውን አምጥተው መኪናዋ አጠገብ ቁጭ አሉ። የሕፃን ልብስ ጠርዝ በእጃቸው ይሰፋሉ።

"እኔም ነበረችኝ" አሉ ድንገት፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ።

"ምን?"

"ልጅ። ከባልሽ በፊት። ሴት ነበረች። ሳትወለድ ነው የሞተችው። እሱ አያውቅም።"

"ታዲያ ያኔ... ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ምን ብዬ? አፌን ብከፍት የማለቅሰው እኔ ነኝ። አንቺን ላጽናና መጥቼ አልቅሼብሽ ልሂድ? ቀሚስሽን አየሁት፣ ተቀዷል። እሱን መስፋት አያቅተኝም አልኩ።"

እኔ ደግሞ በዚያ ቀሚስ ስንት ነገር ተርጉሜባቸዋለሁ። አጠገባቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። ንፍጣችንን የሕፃን ልብሱ ላይ እንዳንጠርገው ተሳሰብን፤ እሱ ደግሞ አሳቀን።

ከዚያ ሦስቱን መልሼ ሞተሩን አስነሳሁ። እየተንቀጠቀጠች ትንሽ ሠራች፣ ለብ አለች፣ አጠፋኋት። መፍቻውን ሰካሁ። ሆዴ አላስጠጋ ሲለኝ አማቴ ከጎን ገብተው እጃቸውን በእጄ ላይ ጫኑ። የሰፊ እጅ ጠንካራ ነው ለካ!

"ጢው" አለች።

"ተሰበረች?" አልኩ።

"ዞረች እንጂ!"

"እውነት ዞረች?"

"ዞረች አልኩሽ! በይ መልሻት፣ እንዳትቸኩዪ።"

ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። ስትከብድ ዘይት እንጨምራለን። ስታቃስት እንመልሳታለን። በመጨረሻ በጣቴ ሳዞራት መጣች፣ ዝጋ፣ ግን ሙሉዋን። አዲሶቹን በጣት አስጀምሬ በቀስታ አጠበቅኩ። ቁልፉን ሳዞር በአንድ ጊዜ ተነሳች። ምን የመሰለ ድምፅ! አማቴ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ጎረቤት አፍረው አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ቆይ... ምጥ ሲመጣ ማነው የሚነዳት?"

"እኔ።"

"አበድሽ?"

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሴት ናት። ደህና ናት። ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጀመረኝ። ታክሲ ተጠራ። "መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ቆይተን ደወልን። "መንገድ ላይ ነኝ" አለ። እግሬ ደጃፉ ላይ መቆም ሲጀምር አወቅኩት... ቁልፉን አነሳሁ። አማቴ አልተከራከሩኝም። ቦርሳውን ይዘው ከጎኔ ገቡ።

ምጡ ሲመጣ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ ሲያልፍ እነዳለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ዳገቱ ወገብ ላይ ግን ዳር ሳልይዝ ያዘኝ። ፍሬኑን ረግጬ ዓይኔ ጨለመ። የእጅ ፍሬኑን መሳብ አቃተኝ።

"ሳቢው! አንቺ! ሳቢው እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ!"

አማቴን! የባሌን እናት!

"ሳብኩት፣ ሳብኩት የኔ እመቤት፣ አንቺ ብቻ ተንፍሺ!"

(ከዚህ ወዲያ እሳቸው ብዬ መጻፍ አልሆንልህ አለኝ።) ከኋላ አንዱ ጥሩምባውን ለቀቀብን። አማቴ በመስኮት ብቅ ብላ ስትወርድበት ድምፁ ጠፋ። መኪናዋ አንዴም ሳታስነጥስ ዳገቱን ጨረሰችው። በሩ ላይ ዘበኛው "እዚህ ማቆም ክልክል ነው" ሲል ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "እንግዲያው አንተ የሚፈቀድበት አቁማት" ብላ እኔን ደግፋ ገባች።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ባሌ ከመጣ ሰነበተ። ሕፃኗን ከእጁ ማስጣል አልተቻለም።

ትናንት እናቱ ስለ እህቱ ነገረችው። እኔ ሕፃኗን ይዤ ጓሮ ወጣሁላቸው። ስመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጉልበቷ ላይ ራሱን ጥሏል፣ እሷ ጸጉሩን ትደባብሳለች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ውሃ አመጣሁላቸው።

ዛሬ ጠዋት እሱ ስላለ ነው መሰለኝ፣ ድንገት አንቺ ማለት አፈርኩ። ልጄን እያጠብኩ "እማማ፣ ያንን ፎጣ ያቀብሉኝ" አልኳት።

የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

"እማማ፣ እባክዎ..."

ዝም።

"እማ፣ እየጠራችሽ እኮ ነው" አላት ባሌ።

"እኔን? እኔን እንኳ አይደለም። ሌላ ሰው ነው የምትጠራው።"

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ።

"አቀብዪኝ በቃ!"

ተነሳች። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ባሌ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ።

"ምን ሆናችኋል እናንተ?"

ሕፃኗን በፎጣው ጠቀለልኳት።