የእትዬ ከድጃ ጓሮና የእኔ ፊርማ

ሚያዝያ 20

ዛሬ የረባ ነገር የለም። ድንጋይ ጠረብኩ፣ ሽሮ በላሁ፣ ቁጭ አልኩ። ግን መምህርት ጽናት የማታ ትምህርቱን የጨረስን ዕለት «በየቀኑ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ እጃችሁ ይረሳል» ብላናለች። የእኔ እጅ? ሠላሳ ዓመት መዶሻ ያልረሳ እጅ እስክሪብቶ ሊረሳ?

የምስክር ወረቀቴን ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ሸሪፋ «እዚያ ለምን?» አለች። ሳያየው የሚገባ እንግዳ እንዳይኖር ነዋ! ሸሪፋ ሚስቴ ናት። ለማን ነው የምነግረው? የማነበው እኔው። እንግዲህ አርጅቼ ብረሳትስ...

ደግሞ ይመዝገብ። የቅሬያችን፣ የሰፈሩ እድር፣ ለፋፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ዳገቱ ላይ ወጥቼ ስጮህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሙሉ ለቀብር ይነሳል። ድምፄ ቦሩ ሜዳ ይሰማል። እሺ፣ ቦሩ ሜዳ አይደርስም። ግማሽ መንገድ።

ሚያዝያ 24

የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወንድምአገኘሁ ደጄ ድረስ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ክራባት ያስራል፣ ዳገቱ ያስለከልከዋል።

«ጋሽ ሀምዱ፣ እሑድ ስለ መንገዱ ስብሰባ አለን። ሦስቴ ጠርተን ሰው አልመጣም። እርስዎ ቢጮሁልን...»

«የቅሬ ድምፅ ለሬሳ ነው።»

«ለልማት ነው እኮ!»

«ለልማት ከሆነ በሌላ ዜማ» አልኩት። ሁለት ዜማ ያለው ለፋፊ ደሴ ውስጥ ሌላ ካለ ያምጡት።

ሚያዝያ 26

ሰዉ ጢም ብሎ ሞላ! የማን ድምፅ ሆነና።

ሽቅብ የሚወጣው የጭቃ መንገዳችን ሊሰፋ ነው፣ ድንጋይ ሊነጠፍበት ነው። አምቡላንስ እስከ ላይ ይወጣል ተባለ። አጨበጨብን። አምና ነፍሰ ጡር በቃሬዛ አውርደናል እኮ። ከዚያ ወንድምአገኘሁ አንድ ረጅም ወረቀት ፈጠን ፈጠን አድርጎ አነበበ። ስለ ቦይ፣ ስለ ጎርፍ... አልሰማሁትም። መዳፌ ላይ ፊርማዬን እለማመድ ነበር። ከሥር ጭራ አወጣሁላት። አማረባት።

የስም ዝርዝሩ መጣ። አንደኛ ተራ ቁጥር እኔ! ለጣት አሻራ ቀለም ሲያመጡ ገፋሁት። «ጣት ድሮ ቀረ! የማትችሉ ወደ እኔ!»

እትዬ ከድጃ ከእኛ በታች ነው ቤታቸው። ባላቸው ከሞቱ ብቻቸውን ናቸው። «እኔ መች ጽፌ አውቃለሁ አንተዬ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ከ... ድ... ጃ... አጻፍኳቸው። ሲያበቁ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሳቁ። እንደ ልጃገረድ ሳቁ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። መምህርት ጽናት ይሄን ባየች!

ግንቦት 11

የመንገድ ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉ። ከመንገዱ ጀምሮ እስከ እትዬ ከድጃ ጓሮ። ጠሩኝ።

«አንተ ፊደል የቆጠርከው፣ ይሄ ችካል ምን ይላል?»

«ችካል አይጽፍም እትዬ፣ እንደ ድሮው እኔ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን... የመጨረሻው ችካል ከጓዳቸው ግድግዳ ሁለት ክንድ ነው። እዚያ ያለው አፈር ሙሊት ነው፣ ውሃ ሲነካው የሚንሸራተት። አምና በሐምሌ አጥራቸውን ይዞ ወርዷል። ድንጋይና አፈር ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ምን ሊያደርጉበት ነው?

ግንቦት 12

ቀበሌ ሄድኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የስብሰባው ወረቀት ተለጥፏል፣ የስማችን ዝርዝር ከሥሩ። አንደኛ ሀምዱ! አንድ የማላውቀውን ሰው ጎትቼ አሳየሁት። «አየኸው? እኔ ነኝ።» «እንኳን ደስ አለህ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ከስሜ በላይ ያለውን ማንበብ ጀመርኩ። በጣት እየተከተልኩ። ብዙ ቆየሁ። ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። የመንገዱ ጎርፍ በቦይ ተሰብስቦ በታችኛው ረድፍ በመጨረሻው ቤት ጓሮ በኩል ወደ ገደሉ ይለቀቃል ይላል።

የመጨረሻው ቤት የእትዬ ከድጃ ነው።

ደገምኩት። ያው ነው። የዳገቱ ውሃ ሁሉ በዚያ አፈር ላይ? አንድ ክረምት አይቆይም። ግድግዳውም፣ ጓዳውም፣ እሳቸውም...

እጃቸውን ይዤ ያጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

ግንቦት 13

ድንጋይ አልጠረብኩም። ምንም አላደረግኩም።

ግንቦት 16

ሦስት ቀን በላይኛው መንገድ ዞሬ እገባለሁ፣ እትዬ ከድጃን እንዳላይ። ሸሪፋ አወቀችብኝ። ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«አንተ ይሄን ሁሉ አፍ ይዘህ፣ የሚነገረውን ነገር ትተህ ነው ወይ የምትዞረው?» አለች። በቃ። ወደ ጓዳ ገባች።

ግንቦት 17

ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። በቀልድ ልጀምር አሰብኩ፣ ቀልዱ ጠፋኝ። ወላሂ፣ ጠፋኝ! አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ቦዩን፣ ጓሮውን፣ ወረቀቱን።

ቀና አላሉም። ጎመኑን መቀንጠስ ግን አቆሙ።

«ያን ቀን ያጻፍከኝ ስሜን ነው አላልከኝም?»

«ስምዎት ነው እትዬ።»

«ታዲያ ስሜ ቤቴን ለምን ይበላል?»

ጎመኑን ወደ ጎን ገፉና «አንተስ አንብበኸው ነበር?» አሉ።

«አላነበብኩትም።»

«ማንበብ ትችል የለ?»

እችል ነበር። እችል ነበር...

ግንቦት 20

ወንድምአገኘሁ ጋ። ስነግረው ከፍቶት ክራባቱን ፈታ።

«ጋሽ ሀምዱ፣ ወረቀቱን ቁጭ ብላችሁ አነበብኩላችሁ። አንድ ሰው አልጠየቀም። አጨበጨባችሁ!»

«የተለማመድነውን ነዋ ያደረግነው።»

«እኔም ከላይ ከክረምት በፊት ጨርስ ተብያለሁ። የሕዝብ ስምምነት አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። አሁን ተሳስተናል ብዬ ብቻዬን ብሄድ ማን ይሰማኛል? ራሱ ነዋሪው ይምጣ። አንድ ሰው ሳይሆን ሰፈሩ።»

ክፉ ልጅ አይደለም። ጎርፉ በማን ጓዳ እንደሚገባ ሄዶ አላየም፣ እኔም አላነበብኩም። እኩል ነን።

ግንቦት 23

የቅሬያችን ዳኛ አያ ሞላ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ነገ ቅሬውን በሬሳ ድምፅ ልጥራ» አልኳቸው።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም።»

«ያለ ሬሳ የጠራ እንደሚቀጣ አንተ አታውቅም? ሰው ከዚያ በኋላ ድምፅህን ያምናል?»

እውነታቸውን ነው። ጭንቅላቴን አቀረቀርኩ። አዩኝ አዩኝና «ነገ እኮ የወሩ ቅሬ ነው፤ ማንም አይቀርም። እዚያ ትቆማለህ። አትጮህም፣ ትናገራለህ» አሉኝ።

ግንቦት 24

ቆምኩ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጠቅላላ ቅሬው ተቀምጧል። መጀመሪያ የሆነ ሰው «ሀምዱ ሊያስቀን ነው» አለ፣ ሳቁም ጀመሩ። አላሳቅኳቸውም። አንደኛ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ያስፈረምኳችሁ እኔ ነኝ፣ ያልሰማሁትም እኔ ነኝ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ።

«አውፍ ብለናል» አለ ሰዉ። እትዬ ከድጃ ከሴቶቹ መሃል «እኔ ገና ነኝ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አያ ሞላ ፈረዱ። ቅጣቴ የቀበሌውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ለቅሬው ማንበብ ነው። ከሰሌዳው ላይ ቀድቼው ነበር። አነበብኩ። ሲያልበኝ ዋለ። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ ነው የገባሁበት። ሰው ግን አልተነሳም። ስጨርስ ገበያነሽ፣ ያቺ ከጥግ ጠላ የምትጠምቀው፣ «ይሄንን ነው እንዴ ያጨበጨብንለት?» አለች።

ነገ ሁላችንም ቀበሌ።

ግንቦት 25

ሄድን። በቀብር አካሄድ ነው የሄድነው፣ ሌላ አካሄድ አብረን አናውቅማ። ሽማግሌ ከፊት፣ ወንዱ ቀጥሎ፣ ሴቶች ከኋላ። መንገደኛው ቆሞ አሳለፈን። ባጃጆች ቆሙ። ወንድምአገኘሁ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማን ሞተ?»

እትዬ ከድጃ ናቸው የመለሱት። «ገና ማንም። ለዚያ ነው የመጣነው።»

ገብቶ ስልክ ደወለ። በእኛ ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው። «ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ነው ያለው፣ እኔም ተሳስቻለሁ» ሲል ሰማሁት። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ግንቦት 29

አረፋ። ሥጋ በላሁ። ለእትዬ ከድጃ ድርሻቸውን ሸሪፋ ወሰደችላቸው። ተቀበሉ። ስለ እኔ አልጠየቁም።

ሰኔ 4

መሐንዲሷ መጣች። ሳሊሃ ትባላለች፣ ቦት ጫማ አድርጋለች፣ ጭቃ አትፈራም። ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዤ ጠበቅኳት። ከላይ ከመንገዱ ደፋሁት፣ አብረን ተከተልነው። በችካሎቹ በኩል ወርዶ እትዬ ከድጃ ጓሮ ደረሰና ጠፋ። አፈሩ ዋጠው። ግድግዳው ሥር ብቅ አለ።

ቆማ አየችው። ችካሉን በእጇ ነቀለች። «እሺ፣ እዚህ አይሆንም። ግን ውሃው የሆነ ቦታ መውረድ አለበት ጋሼ። ጠንካራ መሬት የት አለ?»

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም!

የት እንዳለ አውቃለሁ። ከሥሩ አለት የሆነ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ድንጋይ የምጠርብበት የእኔ ደጅ። ሃያ ዓመት እንጀራዬን የበላሁበት። ቦዩ እዚያ ካለፈ ለድንጋይ ማራገፊያም፣ ለመኪናም ቦታ የለም። ለእኔም።

«እንግዲህ ነገ ሌላውን አያለሁ፣ ከጠፋ ግን በዚሁ በሲሚንቶ አጠናክረን...» አለች። ሲሚንቶ ያንን ሙሊት አይዘውም። እሷም ያወቀች ይመስለኛል።

ሰኔ 5

ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ አለቱን በመዶሻ መታሁት። ጠን አለ። ጠንካራ ነው። ባይሆን ኖሮ ምን ነበረበት?

ሸሪፋ ሻይ ይዛ ወጣች። «ታውቃለህ አይደል?» አለች። እሷም ታውቃለች ለካ። «ብንራብስ?» አልኳት። «እጅህ አብሮህ ነው። እሳቸው ግን ግድግዳቸውን ይዘው የት ይሄዳሉ?»

ሳሊሃ በአራት ሰዓት መጣች። ደጄን አሳየኋት። ሁለቱን ጀሪካን ደፋሁ። ውሃው በአለቱ ላይ ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ ገደል ገባ፣ አንድ እፍኝ አፈር ሳይወስድ። ወደ እኔ ዞረች። «የማን ቦታ ነው?» አለች። «የአንድ ለፍላፊ» አልኳት።

ሰኔ 8

ሁለተኛው ስብሰባ። ወረቀቱን ወንድምአገኘሁ አላነበበውም፣ ለእኔ ሰጠኝ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሰዉ በየመስመሩ ይጠይቃል። «ስፋቱ ስንት ነው?» «ማን ይጠርገዋል?» አያ ሞላ አንድ መስመር አስጨመሩ፤ ቦዩን በየክረምቱ መጀመሪያ ቅሬው ይጠርጋል። ለእኔ ደግሞ ምትክ ቦታ «ይታያል» ይላል። ይታያል... እሱንም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ገበያነሽ «መቼ?» አለች። ወንድምአገኘሁ «እስከ ጥቅምት» ብሎ በእጁ ጻፈበት።

ከዚያ ፈረምኩ። ምን እንደሚል አውቄ። እጄ ከበደኝ።

እትዬ ከድጃን «ልያዝልዎት?» አልኳቸው። ቀለሙን ሳቡ፣ አውራ ጣታቸውን ነከሩ። «ጣቴ ይሻለኛል፣ ማንም አይዘውም» አሉ። ቅሬው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ሲያልፉ ትከሻዬን ቀለም በነካው ጣታቸው ተጭነውት ሄዱ። «አውፍ ብያለሁ» አሉኝ። ሸሚዜ ላይ አሻራቸው ቀርቷል። ሸሪፋን እንዳታጥቢው ብያታለሁ።

ሐምሌ 12

ቦዩ በደጄ ተሠርቶ አለቀ፤ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ጠዋት በሚኒባስ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። አንድ ሕንፃ ሥር ለሰው ድንጋይ እጠርባለሁ። ይሞቃል። ላቤ ፊደሉን ያበላሸዋል። የራሴ ደጅ ጥላ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ጥቅምት ገና ነው።

እዚህ ሠራተኞቹ የሥራ ውል መጥቶላቸው ሊፈርሙ ሲሉ ቁሙ አልኳቸው። ሁሉንም አነበብኩላቸው፣ ምሳ ሰዓታችን አለቀ። ሰደቡኝ። ሁለት ቦታ አስቀየሩ። ከዚያ ስድቡን አቆሙ።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ደሴ በኩል ያለው ተራራ ጠቆረ። ስልኬ ጮኸ። ሸሪፋ ናት፣ «እትዬ ከድጃ ያናግሩህ» ብላ ሰጠቻቸው።

«እየጣለ ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«ጓሮውስ?» አልኩ።

ስልኩን ወደ ሆነ ነገር አስጠጉት መሰለኝ። ትልቅ ድምፅ መጣ፣ ሹሹሹ የሚል፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚያጋጭ። ውሃ። በእኔ ደጅ የሚወርድ ውሃ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁ እትዬ።»

«እኔ ጓዳዬ ውስጥ ነበርኩ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ። አሁን ነው ሸሪፋ የቀሰቀሰችኝ። በል፣ አላህ ይስጥህ፣ ተመልሼ ልተኛ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። መዶሻውን አስቀመጥኩ። አብረውኝ የሚጠርቡት አዩኝ።

«ማነው የደወለ ሀምዱ? ምን ሆነሃል?»

«ውሃ ነው» አልኳቸው። «በደጄ እያለፈ ነው።»

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።